ዝናብ ያለበት ካሴት

ልጅ ሆኜ ከሬዲዮ ዘፈን ስቀዳ፣ አስተዋዋቂው አፉን ሲከፍት ቶሎ ብዬ ፖዝ እጫን ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ! አሁን ያንገበግበኛል። ዘፈኑ እንደሆነ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ሰዓት የሚናገረው፣ የጠፋ መታወቂያ የሚያስነግረው፣ የአድማጭ ሰላምታ የሚያነበው የጅማ ፋና 98.1 ድምፅ ግን ከዚያች ካሴት ውጭ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እናንተም ከአልጋ ስር የሬዲዮ ቅጂ ካላችሁ፣ ወሬውን ሳትቆርጡ ወደ ኮምፒውተር አሳልፉት።

መጀመሪያ ሻጋታ ፈልጉ። ጅማ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ እስከ መስከረም አይለቅም፤ ጫማ እንኳ ይሻግታል። በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ እንዳታጫውቱት። ቴፑን ያበላሻል፣ ለቀጣዩም ካሴት ይተርፋል። ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አቆዩት። ሲደርቅ ማስክ አድርጋችሁ፣ ደጅ ወጥታችሁ፣ በስክሪፕቶ እያዞራችሁ ክሩን በለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይሆንም፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

የተበጠሰ ክር በስኮች አትቀጥሉ። ሙጫው ውሎ አድሮ ይወጣና ዙሩን ሁሉ ያጣብቀዋል። እኔ በእህቴ ኩቴክስ ቀጥዬ አውቃለሁ፤ ውጤቱን አትጠይቁኝ። የ120 ደቂቃ ካሴት ካላችሁ ደግሞ ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ ወደፊት ወደኋላ አታመላልሱት።

የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ብረት) እና ክሩን የሚጎትተውን ላስቲክ በጥጥና በአልኮል አጽዱ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ስላለበት በደንብ ይድረቅ። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ አዲስ ድንጋይ ግዙ፤ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይጎተታል። ድምፁ ከታፈነባችሁ ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዳመጣችሁ በጣም በትንሹ አዙሯት፣ ጥርት ሲል ተዉት።

ከዚያ ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ዘርጉ። የብዙ ላፕቶፕ ቀዳዳ የማይክ ስለሆነ ድምፁን ያፈርሰዋል፤ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ የማይክ ሳይሆን የ"ላይን ኢን" ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሳውንድ ካርድ ይሻላል። እኔ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም፣ 48,000 ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ (ድምፁ ያልተጨመቀበት ፋይል) አድርጌ ነው የምቀዳው። በስቴሪዮ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ኤምፒስሪውን ለጓደኛ ለመላክ በኋላ ታወጡታላችሁ። ስትቀዱ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ብዙ ጊዜ ያ "እምምም" የሚለው ድምፅ ከሱ ነው የሚመጣው፣ መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ አይጠፋባችሁም።

አንዷን ካሴት በሐምሌ 2001 ቴፑን ሬዲዮው ፊት አስቀምጬ ነበር የቀዳሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከስር አስተዋዋቂው ያወራል፣ መሀል ላይ ደግሞ እናቴ ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው ብላ ትጮኻለች። ኦዳሲቲ ላይ ጫጫታ መቀነሻውን ለቀቅኩበት። ዝናቡ ሄደ። አስተዋዋቂውም ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ መሰለ፣ እናቴም አብራ ሄደች። ደግነቱ ዋናው ፋይል አልተነካም ነበር። እንግዲህ ማጽዳት ካማራችሁ ቅጂው ላይ ሞክሩ።

ሦስት ቦታ አስቀምጡት፦ ላፕቶፕ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። ካሴቱንም አትጣሉ። ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለውን የመቅጃ ጥርስ ስበሩና አቁማችሁ ደርድሩት። ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ጣቢያውን አስፈቅዱ፤ አዋጅ 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶችም መብት ይሰጣል።

ስም ስትሰጡት ቀኑን በኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በኛው ጻፉ፣ ቋንቋውንም ጨምሩ። ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁ ቀን የገለበጣችሁበት ነው እንጂ የተላለፈበት አይደለም። የኔዋ ፋይል ስሟ እንዲህ ነው፦ "2001-11፣ ማታ 2 ሰዓት፣ አማርኛ፣ ዝናብና እማዬ"።