ማመልከቻና ማስታወቂያ ስንጽፍ የሚደጋገሙ የሰዋስውና የሥርዓተ ነጥብ ስሕተቶች

ጅማ ውስጥ አንድ ሰው በቀን ውስጥ ሁለትና ሦስት ቋንቋ መጻፉ የተለመደ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተማረ ወጣት ለባንክ ወይም ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ ያመለክታል፤ የቡና ነጋዴው ለአዲስ አበባ ደንበኛው በቴሌግራም የዋጋ ማስታወቂያ ይልካል፤ የእድር ጸሐፊው ደግሞ ለአባላት የስብሰባ ጥሪ ያዘጋጃል። እነዚህ ጽሑፎች አጫጭር ቢሆኑም ገንዘብ፣ ጊዜና መብት የሚያንቀሳቅሱ በመሆናቸው በጥንቃቄ ሊጻፉ ይገባል። አማርኛ ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ጸሐፊው ጅማሬውን ይረሳና በሌላ ባለቤት ይዘጋዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊለመድ የሚገባው ነገር ዓረፍተ ነገሩን ጽፎ እንደጨረሱ የመጨረሻውን ግስ ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር አስተያይቶ ማንበብ ነው።

የሚከተለውን የማመልከቻ ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «እኔ አመልካች በቅርንጫፋችሁ የቁጠባ ሒሳብ ያለኝ ደንበኛ ስሆን የባንክ ደብተሬን ስለጠፋብኝ ማስረጃዎቼ ተያይዞ ስለቀረበ ምትክ እንዲሰጡኝና እንድትተባበሩኝ በአክብሮት ይጠይቃል።» ሐሳቡ ይገባል፤ ሰዋስዉ ግን በአምስት ቦታ ተሰናክሏል። የጠፋው ደብተሩ ራሱ ስለሆነ ደብተሩ ባለቤት እንጂ ተሳቢ አይደለም፤ በመሆኑም «ን» አይገባውም። ማስረጃዎቹ ብዙ ስለሆኑ «ተያይዞ» ሳይሆን «ተያይዘው»፣ «ስለቀረበ» ሳይሆን «ስለቀረቡ» ይባላል። «እንዲሰጡኝ» አንድን ሰው በአክብሮት ሲያናግር «እንድትተባበሩኝ» ብዙዎችን ያናግራል፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መቀላቀል ማመልከቻው ለማን እንደተጻፈ ያጠራጥራል። «እኔ» ብሎ የጀመረ ሰውም «ይጠይቃል» ብሎ ሊጨርስ አይችልም። ይህ ሁሉ የሚቃናው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት በመክፈል ነው፦ «እኔ አመልካች በቅርንጫፋችሁ የቁጠባ ሒሳብ ያለኝ ደንበኛ ነኝ። የባንክ ደብተሬ ስለጠፋብኝ ምትክ እንድትሰጡኝ ማስረጃዎቼን አያይዤ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ማመልከቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለቅ አለበት የሚል ሕግ የለም፤ «ስሆን» እና «ስለሆነ» እየተደራረቡ ገጹን የሚሞሉት በልማድ ብቻ ነው፤ ይህ ልማድ ቢቀር ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ አብረው ይቀሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የ«ን» ጉዳይ በዚህ አያበቃም። ተሳቢው የራሱ ገላጭ ሲኖረው «ን» የሚያርፈው በገላጩ ላይ ነው። «የቡናው ዋጋን በፈረሱላ እናሳውቃለን» የሚል ማስታወቂያ «የቡናውን ዋጋ በፈረሱላ እናሳውቃለን» ተብሎ መታረም አለበት። እንደዚሁ «አዲሱ መጋዘንን ተረከብን» ሳይሆን «አዲሱን መጋዘን ተረከብን» እንላለን። ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ ሳናስበው በትክክል እንለዋለን፤ ስንጽፍ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ስለምናሰላስል «ን» ወደ መጨረሻው ስም ይንሸራተታል። ስለዚህ የተጠራጠሩበትን ሐረግ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ጥሩ መፍትሔ ነው።

የቃላት ቦታም ትርጉም ይለውጣል። «ትናንት ቡና ያመጡት ገበሬዎች ሒሳባቸውን ጠየቁ» የሚለውን ያነበበ ሰው ትናንት የሆነው ቡናው መምጣቱ ይሁን ሒሳቡ መጠየቁ አያውቅም። ከ«ትናንት» በኋላ ነጠላ ሰረዝ ማድረግ ጥቂት ይረዳል፤ የተሻለው ግን የጊዜውን ቃል ከሚገልጸው ግስ አጠገብ ማስቀመጥ ነው፦ «ቡና ያመጡት ገበሬዎች ትናንት ሒሳባቸውን ጠየቁ።» የታሰበው ቡናው የመጣበት ቀን ከሆነ ደግሞ «ቡና ትናንት ያመጡት ገበሬዎች ሒሳባቸውን ጠየቁ» ተብሎ ይጻፋል። በውል ሰነድ ላይ እንዲህ ያለው አሻሚነት የክፍያ ቀን ክርክር ሊያስነሳ ስለሚችል፣ «ትናንት» እና «ነገ» የሚሉትን ትቶ ቀኑን ራሱን መጻፍ ይመረጣል።

ከሥርዓተ ነጥብ ብዙ ችግር የሚያመጣው አራት ነጥብ ነው። ብዙዎች በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ ይሠሩታል፤ ሌሎች ደግሞ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ይደጋግማሉ። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች በመሆናቸው መስመሩ ሲያልቅ አንዱ ላይ ቀርቶ ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ሊወርድ ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒዩተር በሚመዘገቡበት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ አራት ነጥብ የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል፤ የአማርኛ ኪቦርዶችም እንደ አንድ ምልክት ስለያዙት እሱኑ ፈልጎ መጠቀም ያስፈልጋል። አራት ነጥብም ሆነ ሰረዝ ከእሱ በፊት ካለው ቃል ጋር ተጣብቆ ይጻፋል፤ ክፍት ቦታ የሚተወው ከምልክቱ በኋላ ነው።

ነጠላ ሰረዝ ዝርዝርን ይለያል፤ ድርብ ሰረዝ ራሳቸውን ችለው ሊቆሙ የሚችሉ፣ ግን በሐሳብ የተያያዙ ዓረፍተ ነገሮችን ያገናኛል። «ማር፣ ቅቤና ቡና» ብለን ስንጽፍ «ና» ራሱ ስለሚያያይዝ ከመጨረሻው ቃል በፊት ሰረዝ አያስፈልግም። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ መጻፍ የለመደ ሰው የላቲኑን ነጥብና ሰረዝ ወደ አማርኛው ይዞ ቢመጣ አያስደንቅም፤ ቋንቋ ሲቀይር ኪቦርዱንም መቀየር ብቻ ይበቃዋል።

በበር ላይ የሚለጠፈው «ማንም ሰው መግባት የተከለከለ ነው» ስሕተት ነው፤ «ማንም» አሉታዊ ግስ ስለሚፈልግ «ማንም ሰው መግባት አይችልም» ወይም በአጭሩ «መግባት ክልክል ነው» ይባላል። «መምህራኖች» እና «ሕፃናቶች» የሚሉትም ብዙ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ይደርባሉ፤ «መምህራን» እና «ሕፃናት» በቂ ናቸው።

ስለ ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ስለሚለያይ ፊደላት፣ ክርክሩ ረጅም ነው። እኔ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የምጠይቀው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ወጥነት እንዲኖር ነው፤ አንዱ መስመር ላይ «ሥራ» ያለ ሰው ሌላው ላይ «ስራ» ማለት የለበትም። በሰው ስም ላይ ግን ምርጫ የለም። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ስለሆኑ፣ ስም ምንጊዜም ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት።

ሰዓትና ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ስብሰባው በ3 ሰዓት ይጀመራል» የሚል ጥሪ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይገባል። «12/01/2017» የተባለ ቀን መስከረም 12 ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለሚያነበው ሰው ደግሞ ጃንዋሪ 12 ወይም ዲሴምበር 1 ነው። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል፣ የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ በምሕጻረ ቃል አሟልቶ «መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።