የወይን ጠጅ እርሾን ሲመግቡ የሚሠሩ ስህተቶች

የወይን ጭማቂ በስኳር የተሞላ ስለሆነ እርሾ የሚርበው አይመስልም። ፍላቱ መሐል ላይ ሲያዘግም ግን ብዙውን ጊዜ ያለቀው ናይትሮጅኑ ነው። እርሾ በዙሪያው ያለውን ምግብ እየለየ በሴል ሽፋኑ ላይ ካሉት የምግብ ማስገቢያ በሮች የትኛውን እንደሚከፍትና የትኛውን እንደሚዘጋ ይወስናል፤ ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱ ላይ የሚሳሳት ሰው ይበዛል።

ሳይለኩ መጨመር። እርሾ የሚጠቀመው አሞኒየምንና አብዛኞቹን አሚኖ አሲዶች ነው። ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በጭማቂው ውስጥ ብዙ ቢሆንም ያለ ኦክስጅን አይረባውም፤ ጠቅላላ ናይትሮጅንን የሚያሳይ ልኬት የሚያታልለው ለዚህ ነው። በፎርሞል ቲትሬሽን (በፎርማልዴሃይድ በሚሠራ ልኬት) ሲለኩ 10 ሚሊ ሊትር ጭማቂ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.2 ላይ ያድርሱ፤ ፒኤቹ የተስተካከለ ፎርማልዴሃይድ ይጨምሩ (መርዛማ ስለሆነ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ)። ወደ 8.2 ለመመለስ የወሰደውን የ0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊ ሊትር በ140 ሲያባዙ እርሾው የሚጠቀምበት ናይትሮጅን ግምታዊ መጠን በሚሊ ግራም በሊትር ይገኛል። ከ140 በታች ከሆነ ያሰጋል፤ ስኳሩ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ 200 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አሞኒየም የሚሰጠው ዱቄት፣ ዳይአሞኒየም ፎስፌት፣ በ100 ሚሊ ግራም የሚሰጠው 21 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ120 ወደ 200 ለማድረስ በሊትር 380 ሚሊ ግራም ገደማ ይጠይቃል።

ሁሉንም ገና ሲጀመር ማፍሰስ። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። አሞኒየም ሲትረፈረፍ በሴሉ ውስጥ ግሉታሚን የተባለው አሚኖ አሲድ ይበዛል፤ ቶር የተባለው የምልክት ሥርዓትም «ጠግበናል» የሚለውን መልእክት ያስተላልፋል። ያኔ ጋፕ1 የተባለው የአሚኖ አሲድ በር ጂኑ ይታፈናል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው በርም ተነቅሎ ይፈርሳል። እርሾው ከቀረበለት አሚኖ አሲድ ብዙውን ትቶ በዋናነት አሞኒየም ይበላል፣ በፍጥነት ይራባል፣ ታንኩ ይሞቃል፤ ከአሚኖ አሲዶች የሚመጣው መዓዛም ይቀየራል። የመጀመሪያውን ድርሻ ከሞተ እርሾ በተዘጋጀ ምግብ መልክ ፍላቱ መነሳት ሲጀምር፣ ዳይአሞኒየም ፎስፌቱን ደግሞ ከስኳሩ ሲሶው ሲያልቅ መስጠት ይሻላል።

ዘግይቶ መጨመር። አልኮሉ 10 በመቶ አካባቢ ከደረሰ በኋላ እርሾው አሞኒየም ማስገባት ያቅተዋል። በዚያ ላይ ናይትሮጅን የራበው ሴል የስኳር በሮቹን ራሱ ያፈርሳል፤ ስኳር እያለ የሚያዘግመውም በዚህ ነው። ሳይበላ የቀረው ናይትሮጅን ደግሞ ጠጁን ለሚያበላሹ ተሕዋስያን ይተርፋል።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታን ሁሉ በዳይአሞኒየም ፎስፌት ማከም። እርሾ ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ የሚለውጠው ሜቲዮኒንና ሲስቴይን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች ለመሥራት ነው። ሰልፋይዱን የሚይዝለት ናይትሮጅን ያለበት ውህድ ሲያጥረው ሰልፋይዱ የሚሸት ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ሽታው በመጀመሪያው ሲሶ ከመጣ ናይትሮጅኑ ያድናል። የጎደለው ፓንቶቴኔት የተባለው ቫይታሚን ከሆነ ግን አሞኒየም መጨመር ሽታውን ሊያባብሰው ይችላል። ወይኑ ላይ የቀረ የድኝ ርጭትም ተመሳሳይ ሽታ ይሰጣል፤ እርሾን መመገብ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

ደረቅ እርሾ በሚነቃበት ውሃ ውስጥ አሞኒየም መክተት። ሽፋኑ ገና ያልተጠገነ ሴል ይጎዳል። የክብደቱን 10 እጥፍ ውሃ፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ በቂ ነው።

ኦክስጅንን መፍራት። «አየር ካገኘ ስኳሩን በትንፈሳ ይጨርሰዋል» የሚል ስጋት አለ። በዚህን ያህል ስኳር ውስጥ ግን ግሉኮሱ ራሱ የትንፈሳ ጂኖችን ስለሚያፍን እርሾው አየር እያለም አልኮል ይሠራል። ኦክስጅኑ የሚፈለገው ኢርጎስቴሮል የተባለውን የሴል ሽፋን ቅባት ለመሥራት ነው፤ ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ክምችቱ ይሳሳል፣ የሳሳ ሽፋንም አልኮልን አይቋቋምም። ከሁለተኛው ድርሻ (ከዳይአሞኒየም ፎስፌቱ) ጋር ጭማቂውን ከታች ቀድተው ከላይ በማፍሰስ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን ይስጡት። ዱቄቱን አስቀድመው በትንሽ ጭማቂ ይበጥብጡ፤ በደረቁ ከተበተነ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዴ ገንፍሎ ታንኩን ያስተፋል።