በፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ ካራክተር ሲገነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ የተባለው የቪዲዮ ጌም የሚካሄደው ከኑክሌር ጦርነት በኋላ በተረፈው የሞሃቪ በረሃ ነው። ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ የተረፈው መልእክተኛ በዶክ ሚቸል ቤት ሲነቃ፣ ገና አንድ ጥይት ሳይተኩስ፣ የጨዋታው ትልቁ ውሳኔ ይቀርብለታል፤ 40 ነጥብ ለሰባት መሠረታዊ ባሕርያት ማከፋፈል፦ ስትሬንግዝ (ጉልበት)፣ ፐርሰፕሽን (ማስተዋል)፣ ኢንዱራንስ (ጽናት)፣ ካሪዝማ (ግርማ ሞገስ)፣ ኢንተለጀንስ (ብልህነት)፣ አጂሊቲ (ቅልጥፍና) እና ላክ (ዕድል)። ከዚያ ሦስት ክህሎት መምረጥ፣ ቀጥሎም ከፈለገ እስከ ሁለት ትሬት (ጥቅምም ጉዳትም ያለው ልዩ ጠባይ) መውሰድ። ብዙ ጀማሪ ይህን በግምት ሞልቶ ይወጣል። ከ20 ሰዓት ጨዋታ በኋላ ጠላት አልሞት፣ በር አልከፈት ሲለው ጌሙ ከባድ ነው ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ጌሙ የሚቆጥረው ነገርና ተጫዋቹ ይቆጠራል ብሎ የሚያስበው ነገር አይገናኙም።

ሁሉንም ባሕርይ 5 አካባቢ መተው

ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መያዝ አስተማማኝ ይመስላል። በዚህ ጌም ግን ጠቃሚ የሆኑት ፐርኮች (በየሁለት ሌቨሉ የሚመረጡ ልዩ ችሎታዎች) በር ላይ ቁጥር ይጠይቃሉ። ቤተር ክሪቲካልስ ለምሳሌ ፐርሰፕሽን 6 እና ላክ 6 ካልሆነ አይሰጥም። በሁሉም 5 የሆነ ካራክተር ብዙ በር ላይ በአንድ ነጥብ ጎድሎ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የኢንተለጀንስ ማነስ ነው። ሌቨል ባደጉ ቁጥር የሚያገኙት የክህሎት ነጥብ 10 ሲደመር የኢንተለጀንስዎ ግማሽ ነው። ግማሽ ነጥብ ሲኖር ለቀጣዩ ሌቨል ይተላለፋል። ኢንተለጀንስ 1 ከሆነ 10.5፣ 5 ከሆነ 12.5፣ 9 ከሆነ 14.5 ይሆናል። ያለ ተጨማሪ ክፍሎች (ዲኤልሲ) የመጨረሻው ሌቨል 30 ስለሆነ 29 ጊዜ ያድጋሉ። በ9 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት በመጨረሻ 116 ነጥብ ነው፤ አንድን ክህሎት ከዜሮ እስከ 100 ሞልቶ የሚተርፍ ነው። ኢንተለጀንስን በኋላ ማሳደግ ያለፉትን ሌቨሎች አይክስም፤ ስለዚህ መጨመር ያለበት መጀመሪያ ላይ ነው።

ለመናገር ብሎ ካሪዝማን መሙላት

ይህ ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው፤ ስሙ ያሳስታል። ካሪዝማ ከፍ ያለ ሰው ሰዎችን ያሳምናል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። በኒው ቬጋስ ግን ውይይት ውስጥ የሚፈተነው ስፒች የሚባለው ክህሎት ነው። ፈተናውም የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ የተጠየቀው ቁጥር ካለዎት ያልፋሉ፣ ከሌለዎት አያልፉም።

ካሪዝማ ለስፒች የሚሰጠው የመነሻ ነጥብ ብቻ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፤ የማንኛውም ክህሎት መነሻ 2፣ ሲደመር ክህሎቱ የሚመራበት ባሕርይ እጥፍ፣ ሲደመር የላክ ግማሽ (ሙሉ ካልሆነ ወደ ላይ ይጠጋጋል)። ካሪዝማ 7 የሆነ ሰው ካሪዝማ 1 ከሆነው በስፒች የሚበልጠው በ12 ነጥብ ነው። ባርተር የሚባለው የንግድ ክህሎትም በካሪዝማ ስለሚመራ እዚያም ሌላ 12 አለ፣ ባርተርን ብዙ ሰው ባይጠቀምበትም። ስፒችን ብቻ ካየን ስድስት መሠረታዊ ነጥብ ተከፍሎ የተገኘው የአንድ ሌቨል የክህሎት ነጥብ አይሞላም።

ካሪዝማ ሌላ ሥራ አለው፤ አብረው የሚጓዙ ባልደረቦችን ጉዳትና መከላከያ በእያንዳንዱ ነጥብ 5 በመቶ ይጨምራል። ባልደረቦቹ ግን ያለዚህም በቂ ናቸው። ካሪዝማን 1 ማድረግ በዚህ ጌም ውስጥ ያለ ትልቁ ቁጠባ ነው።

ባሕርይን 10 ላይ ማድረስና ኢንዱራንስን መናቅ

ፍሪሳይድ ከሚባለው ሰፈር ውጭ ያለው ኒው ቬጋስ ሜዲካል ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር ኡሳናጊ ኢምፕላንት (ሰውነት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ) ትገጥማለች። ለሰባቱም ባሕርያት አንዳንድ ኢምፕላንት አለ፤ እያንዳንዱ 4,000 ቆርኪ (የጌሙ ገንዘብ) ያወጣል፣ ባሕርዩንም ለዘለቄታው በ1 ያሳድጋል። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። ባሕርይ ከ10 አያልፍም፤ ስለዚህ መጀመሪያ 10 ያደረጉትን ባሕርይ ኢምፕላንት አይጨምርለትም፣ አንዱ ነጥብ ባክኗል ማለት ነው። 9 ላይ ያቁሙ። ሁለተኛው፣ ሰውነትዎ የሚሸከመው የኢምፕላንት ብዛት ከኢንዱራንስዎ ጋር እኩል ነው። ኢንዱራንስ 2 ብሎ የጀመረ ሰው ገንዘብ ቢሞላ እንኳ ክሊኒኩ ብዙ አይጠቅመውም።

ኢንዱራንስ ጤናም ይጨምራል። በሌቨል 1 ያለው ጤና 100 ሲደመር ኢንዱራንስ በ20 ተባዝቶ ነው፤ ከዚያ በየሌቨሉ 5 ይጨመራል።

እንግዲህ በጠመንጃ ለሚጫወት ጀማሪ የሚሆን አንድ ክፍፍል፦ ስትሬንግዝ 6፣ ፐርሰፕሽን 6፣ ኢንዱራንስ 7፣ ካሪዝማ 1፣ ኢንተለጀንስ 9፣ አጂሊቲ 5፣ ላክ 6። ድምሩ 40 ነው። ጤናው በ240 ይጀምራል፣ ሰባቱንም ኢምፕላንት ይሸከማል፣ ቤተር ክሪቲካልስም ሌቨል 16 ላይ ይከፈትለታል። ከሦስቱ ምርጫዎች (እያንዳንዱ 15 ነጥብ ይጨምራል) ገንስ (ሽጉጥና ጠመንጃ)፣ ስፒች እና ሪፔር (ጥገና) ቢወስዱ ገንስ 30፣ ስፒች 22፣ ሪፔር 38 ይሆናል። ገንስ 30 እና አጂሊቲ 5 ለራፒድ ሪሎድ የሚፈለጉት ቁጥሮች ናቸው፤ ፐርኩ ሌቨል 2 ላይ ዝግጁ ነው።

ለኢምፕላንቱ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ካለ፣ ላክ ከፍ ሲል ብላክጃክ ለተጫዋቹ ያደላል። ፍሪሳይድ ውስጥ ያለው አቶሚክ ራንግለር ካሲኖ 5,000 ቆርኪ እስኪያሸንፉ ያጫውታል። የመጀመሪያውን ኢምፕላንት በዚህ ይግዙ፤ ኢንተለጀንስ ይሁን።

ነጥብን በመንገድ ላይ መተው

ሎክፒክ (ቁልፍ መስበር) እና ሳይንስ (ኮምፒውተር መስበር) አዲስ ነገር የሚከፍቱት በ25፣ በ50፣ በ75 እና በ100 ብቻ ነው። ሎክፒክ 26 የሆነና 49 የሆነ ሰው የሚከፍቱት ቁልፍ አንድ ነው። ብዙ ጀማሪ በየሌቨሉ ለሎክፒክ 4፣ ለሳይንስ 4፣ ለሜዲሲን 4 እያለ ያካፍላል፤ ሦስት ሌቨል አልፎም አንድ አዲስ በር አይከፈትለትም። ይልቅ አንዱን ክህሎት ወደ ቀጣዩ ደረጃ በአንድ ጊዜ ያድርሱት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይለፉ።

የመጀመሪያው ከተማ ጉድስፕሪንግስ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ጆ ኮብና ፓውደር ጋንገር የተባሉት ሽፍቶቹ ከመምጣታቸው በፊት የከተማውን ሰው ለማሰለፍ አራት ፈተና አለ። ትሩዲን በስፒች 25፣ ቼትን በባርተር 25፣ ኢዚ ፒትን በኤክስፕሎሲቭስ 25፣ ዶክ ሚቸልን በሜዲሲን 25። ከላይ ባለው ክፍፍል ስፒች 22፣ ሜዲሲን 23 ነው፤ ሌቨል 2 ሲገቡ አምስት ነጥብ ብቻ አውጥተው ሁለቱንም ያገኛሉ። የተረፈውን ገንስ ላይ ያውሉት።

መጽሔትንም አይርሱ። የክህሎት መጽሔት ለ60 ሰከንድ 10 ነጥብ ይጨምራል። ስፒች 90 የሆነ ሰው መጽሔት አንብቦ 100 የሚጠይቀውን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ መጽሔት ባገኙ ቁጥር ወዲያው አያንብቡ፤ ቁጥሩ ጎድሎ ያዩት በር ወይም ውይይት ፊት ሲቆሙ ያንብቡት። ኮምፕሪሄንሽን የሚባለው ፐርክ (ኢንተለጀንስ 4፣ ሌቨል 4) የመጽሔቱን ጥቅም ወደ 20 ያደርሰዋል።

የክህሎት መጻሕፍት ሌላ ናቸው። እያንዳንዱ መጽሐፍ 3 ነጥብ ለዘለቄታው ይጨምራል፣ በኮምፕሪሄንሽን 4። ክህሎቱን በሌቨል ነጥብ 100 ካደረሱ በኋላ የሚያገኙት መጽሐፍ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ 90ዎቹ ላይ ሲደርሱ እጅዎን ሰብስበው ለመጽሐፍ ቦታ ይተዉ።

ሦስት ዓይነት መሣሪያ በአንድ ጊዜ መልመድ

ገንስ ከሽጉጥ እስከ ረጅም ጠመንጃ ሁሉን በአንድ ክህሎት ይይዛል። ጉድስፕሪንግስ ውስጥ ሰኒ ስማይልስ የምትሰጥዎት ጠመንጃም የዚሁ ወገን ነው፤ ጥይቱም በየቦታው ይገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። የሌዘር መሣሪያ የሚመራው በኢነርጂ ዌፐንስ ነው፣ ቦምብ በኤክስፕሎሲቭስ፣ ጎራዴና ዱላ በሚሊ ዌፐንስ። ለሁሉም 40 ያደረገ ሰው በሁሉም ደካማ ነው፤ ምክንያቱም የክህሎቱ ቁጥር የሚወስነው ማነጣጠርን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ጭምር ነው። አንዱን መርጠው ወደ 75 እስኪጠጋ ሌላውን አይንኩ።

የጉልበት ጉዳይም አለ። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጠይቀው ስትሬንግዝ አለው። ካነሰዎት ጠመንጃው ጥይቱን ይበትናል፣ የእጅ መሣሪያ ደግሞ ምቱ ይዘገያል። የክህሎት መጠኑ ካነሰ ማነጣጠሪያው ይወዛወዛል። አንቲ ማቴሪየል ራይፍል የሚባለው ከባድ ጠመንጃ 8 ስትሬንግዝ ይፈልጋል። ለዚህ ብሎ 8 መክፈል ግን አያስፈልግም፤ ዌፐን ሃንድሊንግ የሚባለው ፐርክ ሌቨል 16 ላይ የሁሉንም መሣሪያ ፍላጎት በ2 ይቀንሳል። ስትሬንግዝ 6 የሚበቃው ለዚህ ነው።

የጥይትን ጉዳት ከጋሻው ሳይቀንሱ ማሰብ

ጀማሪዎች በፍጥነት የሚተኩስ መሣሪያ ይወዳሉ። ኒው ቬጋስ ውስጥ ግን ጋሻ ከእያንዳንዱ ጥይት ላይ የተወሰነ መጠን ይቀንሳል። ይህ መጠን ዳሜጅ ትሬሾልድ ይባላል። የቀነሰው ከጥይቱ ቢበልጥ እንኳ 20 በመቶው ያልፋል፣ ከዚያ በታች አይወርድም።

ዴዝክሎ የሚባለው አውሬ 15 አለው። 12 ጉዳት ያለው ጥይት ሲመታው የሚያልፈው 2.4 ብቻ ነው፤ አሥር ጥይት ቢያርከፈክፉበት 24። 45 ጉዳት ያለው ጥይት ሲመታው ግን 30 ያልፋል፤ ሦስት ጥይት 90 ማለት ነው። ሁለቱም ላይ የተተኮሰው ጠቅላላ ጉዳት ተቀራራቢ ነበር፣ የገባው ግን በጣም ተለያየ። ከጠላቱ የጤና መስመር አጠገብ ቀይ የጋሻ ምልክት ካዩ ጥይትዎ ብዙም አልገባም ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ከመተኮስ መሣሪያ ይቀይሩ፣ ወይም አርመር ፒርሲንግ የሚባለውን ጋሻ ሰባሪ ጥይት ይጫኑ። ሆሎው ፖይንት ጥይት ለእንስሳና ጋሻ ላልለበሰ ሰው ነው፤ በጋሻ ላይ ከተራው ጥይት ይብሳል።

ሾትገን ለሚወዱ ሾትገን ሰርጀን የተባለው ፐርክ የግድ ነው፤ ያለ እሱ የተበተኑት ትናንሽ ፍሬዎች ጋሻ ላይ ይቀራሉ።

ፐርክን ለልምድ ነጥብ ማባከን

ፐርክ የሚገኘው በየሁለት ሌቨሉ ነው፤ እስከ 30 ድረስ 15 ብቻ። ስዊፍት ለርነር ሌቨል ለማደግ የሚያስፈልገውን ልምድ ያፋጥናል፣ ግን የጎን ተልዕኮዎችን የሚሠራ ሰው ያለ እሱም 30 ይደርሳል። ከደረሱ በኋላ ያ ፐርክ ባዶ ቦታ ነው። ኤጁኬትድ ግን በየሌቨሉ 2 ነጥብ ይጨምራል፣ ሌቨል 4 ላይ ከወሰዱት እስከ 30 ድረስ 52 ነጥብ ይሰጣል። ሌቨል 14 ላይ ቢወስዱት 32። ስለዚህ ወይ 4 ላይ ይውሰዱት፣ ወይ ይተዉት። ሪፔር 90 እና ሌቨል 14 የሚጠይቀው ጁሪ ሪጊንግ ደግሞ ውድ መሣሪያን በተመሳሳይ ዓይነት ርካሽ መሣሪያ ለመጠገን ያስችላል፤ ሪፔርን ከመጀመሪያ ለመረጠ ሰው የድካሙ ዋጋ ነው።

ትሬትን ሳያሰሉ መውሰድ

ትሬት ግዴታ አይደለም። ጉድ ኔቸርድ ስፒች፣ ሜዲሲን፣ ሪፔር፣ ሳይንስ እና ባርተር ላይ 5 ይጨምራል፣ ከአምስቱ የጦር ክህሎቶች 5 ይቀንሳል። አንድ መሣሪያ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ኪሳራው በተግባር 5 ነጥብ ብቻ ነው፤ ጥሩ ንግድ ነው። ስሞል ፍሬም አጂሊቲን በ1 ያሳድጋል፣ ግን እጅና እግር በቀላሉ ይሰበራል። ሃርድኮር በተባለው ከበድ ያለ የጨዋታ አማራጭ ለሚጫወት ይህ አደገኛ ነው፤ እዚያ የተሰበረ አካልን ተራ ስቲምፓክ (የፈውስ መርፌ) አያድነውም፣ የሐኪም ቦርሳ ወይም ሐኪም ያስፈልጋል። በሃርድኮር ጥይትም ክብደት አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ይህን አማራጭ አጥፍቶ ቢጀምር ይመከራል።

ከጉድስፕሪንግስ ሲወጡ ጌሙ ሁሉንም ምርጫ አንድ ጊዜ እንዲያርሙ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ለብቻው የሚቀመጥ ሴቭ ያድርጉ፤ በላዩም ሌላ አይጻፉበት። ሁለተኛ ካራክተር መሞከር ሲፈልጉ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሳይደግሙ ከዚያው በር ላይ ባሕርያቱን እንደገና አከፋፍለው ይወጣሉ።