የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ እንዳይወጣ
የሀበሻ ቀሚስ ወይም ነጠላ ከማጠብዎ በፊት ጥለቱን ይፈትኑ፤ ነጭ ጨርቅ በውሃ ነክረው ከግልባጩ በኩል ለ1 ደቂቃ ያህል ይጫኑበት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ቤት አይሞክሩት፣ ላውንደሪ ይስጡት። ካልያዘ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳይዘፈዝፉ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ አሸት አሸት አድርገው ይጨርሱ። በረኪና በጭራሽ! ነጩን አነጣለሁ ሲሉ ጥለቱን ይበላዋል። አይጭመቁት፣ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጥጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማድረቁ ላይ ነው። እርጥብ ቀሚስ ገመድ ላይ ሲሰቀል ውሃው ወርዶ ጥለቱ ጋ ይጠራቀማል፤ ቀለሙ እዚያው ይለቃል፣ ሸማውም በክብደቱ ይለጠጣል። ጥላ ቦታ አንጥፈው ያድርቁት። ሲተኩሱትም ከግልባጩ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገውበት፤ የሚያብረቀርቀው ክር ሙቀት አይችልም።