ጥቁር ሞት አውሮፓን እንዴት እንዳዳረሰ በካርታ ለመከተል

ስለ ጥቁር ሞት (በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውሮፓን ስለጨረሰው ወረርሽኝ) ስታነቡ አብዛኛው ፅሁፍ ስንት ሰው እንደሞተ ይነግራችሁና ካገር አገር እንዴት እንደሄደ ግን "አይጥ አመጣው" ብሎ ባንድ አረፍተ ነገር ያልፈዋል። እኔ ዋናው ነገር መንገዱ ነው ባይ ነኝ። መንገዱን ወር በወር ከተከተላችሁት በሽታው ለምን አንዱ ጋ ቀድሞ ሌላው ጋ ዘግይቶ እንደደረሰ፣ ምን ላይ ተሳፍሮ እንደሄደ፣ እነማን ደሞ ያለ ጥፋታቸው እንደተፈረደባቸው ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ታሪክ ምታስተምሩ ካላችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንድ ላይ ብትሰሩት በጣም አሪፍ ነው።

ሚያስፈልገው የአውሮፓ፣ የሜዲትራኒያንና የጥቁር ባህር ካርታ ነው፣ ወንዞቹ በደንብ ሚታዩበት ይሁን፣ ፕሪንት አድርጉትና ሶስት ከለር እስክሪብቶ ያዙ፣ አንዱ ለባህር አንዱ ለየብስ፣ ሶስተኛውን ለኋላ አቆዩት። አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተዋቸው፣ ወደኛ መቀየር ከጀመራችሁ ወሮቹ ይምታቱባችኋል።

ካርታው ላይ ምንም ከመፃፋችሁ በፊት ግን በሽታው ራሱ እንዴት እንደሚሰራ ማወቅ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ቀኖቹ ትርጉም አይሰጧችሁም። ባክቴሪያው የርሲኒያ ፔስቲስ ይባላል፣ በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ አሌክሳንደር የርሲን ነው ያገኘው። መኖሪያው ሰው ሳይሆን አይጥና የአይጥ ዘመዶች፣ እነሱ ላይ ያለችው ቁንጫ ደሞ አመላላሿ ናት። ቁንጫዋ የታመመ አይጥ ደም ስትመጥ ባክቴሪያው ሆዷ መግቢያ ላይ ይራባና መንገዱን ይደፍነዋል፣ ከዛ የመጠጠችው ደም ወደ ሆዷ አይወርድላትም፣ ስለማይወርድ ይርባታል፣ ስለሚርባት ደጋግማ ትነክሳለች፣ በነከሰች ቁጥር ደሞ ያልወረደላትን ደም ከነባክቴሪያው መልሳ የነከሰችው ቦታ ላይ ትተፋዋለች። አይጦቹ ሲያልቁ የተራቡት ቁንጫዎች ሌላ ገላ ይፈልጋሉ፣ እዛው ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው። ይሄንን ያዙት፣ ምክንያቱም አይጦቹ እስኪሞቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚ መርከቧ ወደብ በገባችበትና ሰው በብዛት መሞት በጀመረበት መሀል ሳምንታት ሊኖሩ ይችላሉ፣ ከተማው ገና ሰላም ነኝ ሲል በሽታው ጣራው ላይና ጎተራው ውስጥ ስራውን ጀምሯል ማለት ነው።

ሰው ላይ ሲመጣ ትኩሳት፣ ከዛ ብሽሽት ወይ ብብት ወይ አንገት ላይ ንፍፊት፣ አንዳንዱ የእንቁላል ያክላል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ደሞ ነገሩ ይለያል፣ ያኔ ቁንጫም አያስፈልገውም፣ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፣ ያለ መድሃኒት ደሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱን በደንብ የለየው ደቡብ ፈረንሳይ አቪኞን የነበረው የጳጳሱ ሀኪም ጊ ደ ሾሊያክ ነው፣ ደም የሚያስተፋው በሶስት ቀን፣ ንፍፊት የሚያወጣው በአምስት ቀን እንደሚገድል ፅፏል፣ እሱ ራሱም ታሞ ንፍፊት አውጥቶ ተርፏል። ያኔ ሌላው ሀኪም ሲሸሽ አልጋ አጠገብ ቆሞ ያየውን መፃፉ ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ካርታው። የመጀመሪያውን ነጥብ ክሪሚያ ላይ ካፋ ላይ አድርጉ፣ የዛሬዋ ፌዮዶሲያ ናት። (ከዛ በፊት ያለውን መያዝ ከፈለጋችሁ ኪርጊስታን ኢሲክ ኩል ሀይቅ አካባቢ በ1338 እና 1339 በወረርሽኝ የሞቱ ሰዎች መቃብር አለ፣ ከአፅማቸው የተወሰደው ዲኤንኤ ባክቴሪያው እንዳለበት በ2022 ታትሟል፣ ከካርታችሁ ውጪ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቀስት አድርጉ።) ካፋ የጄኖዋ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፣ በ1346 የሞንጎሉ ገዢ ጃኒ ቤግ ከቧት ሳለ በሽታው ሰራዊቱ ውስጥ ገባ። ሬሳ በድንጋይ መወርወሪያ እያደረጉ ግንቡን አሻግረው ወረወሩ ሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ እሱን ግን በጥያቄ ምልክት ፃፉት፣ ታሪኩን የፃፈው ጋብሪኤሌ ደ ሙሲ የፒያቼንዛ ሰው ነው፣ ከበባው ላይ አልነበረም። ደሞ ሬሳ ባይወረወርም አይጥ ግንብ አያግዳትም።

እኔን የበለጠ ሚያሳምነኝ የእህሉ ነገር ነው። በጦርነቱ ምክንያት የጥቁር ባህር ንግድ ተዘግቶ ነበር፣ ጣልያን ደሞ በነዛ አመታት እህል አጥሯት ተርባ ነበር፣ በ1347 ሰላም ወርዶ ንግዱ ሲከፈት እህል የጫኑ መርከቦች ወጡ፣ እህል ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባትኖር እንኳን ቁንጫ እህልና ጆንያ ውስጥ ትቆያለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎችም በሽታው በዋናነት የወጣው ከከበባው በሸሸ ሰው ሳይሆን በዚህ እህል ነው ይላሉ።

በባህሩ ከለር ከካፋ ወደ ኮንስታንቲኖፕል ሳቡ፣ 1347። ከዛ አንዱን መስመር ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ሌላውን ወደ ሲሲሊ። ሜሲና ኦክቶበር 1347 ላይ 12 የጄኖዋ መርከቦች ገቡ፣ ህዝቡ ነገሩ ሲገባው አባረራቸው፣ ግን ዘግይቷል፣ የተባረረ መርከብ ደሞ ባህር ላይ አይቀርም፣ ሌላ ወደብ ይሄዳል። ከሜሲና የሸሸው ሰውም ካታንያ ገባ። አመቱ ሳያልቅ ማርሴይ ደረሰ፣ በ1348 መጀመሪያ ጄኖዋ፣ ቬኒስ፣ ፒሳ።

እዚ ጋ እስክሪብቶ ቀይሩና ወደ ውስጥ ግቡ፣ ግን ቀጥታ መስመር እንዳትሳቡ፣ ወንዙንና የንግድ መንገዱን ተከተሉ። ከማርሴይ ወደ አቪኞን በሮን ወንዝ፣ ከፒሳ ወደ ፍሎረንስ በአርኖ ወንዝ። ከዛ ርቀቱንና ወሩን አስተያዩ፣ ከሜሲና ማርሴይ ወደ ሺ ኪሎ ሜትር ሚጠጋ ባህር በወራት ውስጥ አልቋል፣ ፒሳ ጃንዋሪ ላይ የገባው ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፍሎረንስ እስኪደርስ ማርች አካባቢ ሆኗል። በየብስ ሲሄድ ቀስ ይላል፣ መርከብ ሲያገኝ ይሮጣል፣ ብርዱ ሲጠና ያዘግማል ሲሞቅ ይነሳል። ይሄንን አንዴ ካያችሁ የቀረውን ካርታ ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ።

ቦርዶ በ1348፣ የእንግሊዙ ንጉስ የኤድዋርድ ሶስተኛ ልጅ ጆዋን ለሰርጓ ወደ ካስቲል (ስፔን) እየሄደች እዛ ነው የሞተችው። ቦርዶ ደሞ ወይን ጠጅ ወደ እንግሊዝ ሚላክበት ወደብ ነው፣ በዛው አመት ጁን ላይ ሜልኮም ሬጂስ ሚባል የደቡብ እንግሊዝ ወደብ ላይ በሽታው ታየ፣ በዛው በመከሩ ሰሞን ለንደን። ፓሪስ በዛው ሰመር። በ1349 ደሞ ኖርዌይ በርገን።

አሁን ደሞ እኔ ከሁሉም በላይ ምወደው ቦታ። ካፋና ሞስኮን ካርታው ላይ በጣታችሁ አስተያዩ፣ በሽታው ከዞረበት መንገድ ጋር ሲተያይ በጣም ቅርብ ናቸው፣ ሞስኮ ግን በሽታው የደረሰው በ1353 ነው፣ ታላቁ ልዑል ሲሞንም ያኔ ነው የሞተው። ሰባት አመት ሙሉ በሜዲትራኒያን ዞሮ፣ ፈረንሳይን እንግሊዝን አልፎ፣ በሰሜን ባህሮች ንግድ ተሳፍሮ፣ በፕስኮቭና በኖቭጎሮድ በኩል ነው ሞስኮ የገባው። አቋራጩ እያለ ዞሮ የመጣው ከባድ ንግድ ያለው በዛ በኩል ስለነበረ ነው። ክፉ አየር ወይ ነፋስ ቢሆን ኖሮ እንደዚ አይሄድም ነበር። የዘመኑ ሰው ግን ይሄንን ካርታ አላየም፣ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የህክምና መምህራን ራሳቸው በኦክቶበር 1348 ለንጉሱ የፃፉት በ1345 ሶስት ፕላኔቶች መገናኘታቸው አየሩን እንደመረዘው ነው።

አንድ ነገር ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፣ ሁሉንም ለአይጥ አትስጡት። አይጥ እንደልብ በማይገኝበት ቀዝቃዛ አገር ሁሉ በሽታው በፍጥነት ስለሄደ ተመራማሪዎች ሲከራከሩ ቆይተዋል፣ በ2018 የወጣ ጥናት የሞቱን ፍጥነት አስልቶ የሰው ቁንጫና የሰው ቅማል ከአይጧ የተሻለ ይገጥማል ብሏል። ክርክሩ አላለቀም፣ ግን ልብስን ካርታችሁ ላይ እንደ ጭነት ቁጠሩት። ፒስቶያ የምትባለው የጣልያን ከተማ በሜይ 1348 ያወጣችው ህግ ይሄን ያሳያል፣ ከፒሳና ከሉካ ሰው እንዳይገባ ከለከለች፣ ያገለገለ ልብስና ጨርቅም ወደ ከተማ እንዳይመጣ ከለከለች። ባክቴሪያ ሚባል ነገር በማይታወቅበት ዘመን ሰልባጅ ማገድ ማሰብ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ደሞ ያ የወፍ አፍ ያለው የሀኪም ጭንብል ስእል ካገኛችሁ ካርታው ጎን እንዳትለጥፉት፣ እሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ቀጥሎ ምትሰሩት ያማል ግን አትዝለሉት። በሌላ ከለር አይሁዶች "ጉድጓድ ውሃ መረዙ" ተብለው የተጨፈጨፉባቸውን ከተሞች ከነቀኑ አስገቡ። ስትራስቡርግን ውሰዱ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1349 በመቶ ሚቆጠሩ አይሁዶች በእሳት ተቃጠሉ። የበሽታውን ቀን አጠገቡ አስቀምጡት፣ ያኔ ስትራስቡርግ ወረርሽኙ ገና አልገባም ነበር። መጣ የተባለው ወሬ ነው ሰዉን ያቃጠለው፣ ከአይሁዶቹ የተበደሩትም እዳቸው ተሰረዘ። ጳጳሱ ክሌመንት ስድስተኛ በ1348 ሁለቴ ደብዳቤ አውጥቶ በሽታው አይሁዶችንም እየገደለ ነው፣ አይሁድ በሌለበት አገርም አለ ብሎ ተከራክሯል፣ የሰማው ጥቂት ነው። ተማሪዎች ጋር ከሆናችሁ ሁለቱን ቀን ራሳቸው እንዲያገኙትና እንዲያስተያዩት አድርጉ፣ እናንተ አትንገሯቸው።

የሟች ቁጥር መፃፍ ከፈለጋችሁ ከአውሮፓ ህዝብ ከሲሶ እስከ ግማሽ በሉ፣ ከዛም በላይ ሚሉ አሉ፣ ግን አንድ ቁጥር ለሁሉም ቦታ አትስጡ፣ ሚላኖና አብዛኛው ፖላንድ በመጀመሪያው ዙር ቀለል ብሎላቸዋል። ቁጥሩ ባዶ እንዳይሆንባችሁ ደሞ ሲየና ላይ አንድ ስም ፃፉ፣ አኞሎ ዲ ቱራ፣ አምስት ልጆቹን በገዛ እጁ ቀብሯል።

1353 ላይ እስክሪብቶውን አታስቀምጡ። ከ1361 ጀምሮ በሽታው እየተመላለሰ ስለመጣ ወደቦቹ ላይ ሁለተኛ ረድፍ ቀን ጨምሩ። ራጉዛ ላይ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ 1377 ብላችሁ ወሸባ ብላችሁ ፃፉ፣ በሽታ ካለበት ቦታ የመጣ ሰው ከተማ ሳይገባ 30 ቀን እንዲቆይ ያዘዘች የመጀመሪያዋ ከተማ ናት፣ በኋላ ሌሎቹ ወደ 40 አሳደጉት። ቬኒስ ላይ 1423፣ የበሽተኞች ደሴት የከፈተችበት። የመጨረሻውን ነጥብ ማርሴይ ላይ 1720 አድርጉ፣ ግራን ሴንት አንቷን ሚባል መርከብ ከሌቫንት (ከሜዲትራኒያን ምስራቅ ዳርቻ) ጨርቅ ጭኖ መጥቶ ወሸባው ሳይጠበቅ ጭነቱ ተራገፈ፣ ነጋዴዎቹ ለቦኬር ገበያ ቸኩለው ነበር።