ልጆቻችን አፍላ ወጣት ሲሆኑ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ልጄ ተለወጠብኝ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ደጋግሞ ይሰማል። እስከ ትናንት ከእናቷ ጉያ የማትለየው ልጅ ዛሬ በሯን ዘግታ ትውላለች፤ ሲጠሩት «አቤት» ይል የነበረው ልጅ «ምንድን ነው?» ማለት ጀምሯል። ብዙ ወላጅ ይህን ለውጥ እንደ ዱብ ዕዳ ይቆጥረዋል። እኔ ግን በአፍላ ወጣቶች ላይ የምንፈጽማቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል፤ ይኸውም እነዚህን ጥቂት ዓመታት ከቀደማቸው ልጅነትና ከሚከተላቸው ጉልምስና ነጥለን ለብቻቸው ማየታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን ፍራንክፈርት የተወለደው ኤሪክ ኤሪክሰን የሰው ልጅ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ዕድገት ከውልደት እስከ እርጅና ስምንት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ ያስረዳ ምሁር ነው። ጨቅላው ዓለምን ማመን ወይም አለማመን ይማራል፤ ድክ ድክ የሚለው ሕፃን ራስን መቻልን ከሐፍረት ጋር እየታገለ ይለማመዳል፤ ከዚያ ተነሳሽነት፣ ቀጥሎም በትምህርት ዕድሜ ታታሪነት ይመጣል። በአፍላ ወጣትነት «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ከእርሱ በኋላ የወጣትነት መቀራረብ፣ የጎልማሳነት ለትውልድ ማሰብ፣ በመጨረሻም ያለፈውን ሕይወት አሜን ብሎ የመቀበል የእርጅና ደረጃ ይከተላሉ። ኤሪክሰን ወላጅ አባቱን ሳያውቅ ያደገ ሰው ነበር፤ በአይሁድ ማኅበረሰብ ዘንድ መልኩ ባዕድ ሆኖ ይታይ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ አይሁዳዊ በመሆኑ ይሰደብ ነበር። «የማንነት ቀውስ» የሚለውን አነጋገር ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ጥያቄውን ከመጻሕፍት ብቻ አልተማረውም።

የመጀመሪያው ስህተት እነዚህን ደረጃዎች እንደ ክፍል መቁጠር፣ ማለትም አንዱን ያለፈ የማይመለስበት፣ የወደቀ ደግሞ ለዘለዓለም የቀረ አድርጎ ማሰብ ነው። የተጻፉት ዕድሜዎች ግምት ናቸው። «ቀውስ» የተባለውም ጥፋት ሳይሆን መንገዱ ወዲህም ወዲያም ሊሄድ የሚችልበት መታጠፊያ ነው። ከሁሉም በላይ አፍላ ወጣት የቆዩ ጥያቄዎችን ሁሉ እንደገና ይከፍታል፤ በሕፃንነቱ እናቱን ያምን የነበረው ልጅ አሁን በየትኛው ጓደኛ፣ በየትኛው ሐሳብና በየትኛው እምነት ላይ እንደሚተማመን ይመረምራል። ስለዚህ በሕፃንነት የጎደለ ነገር በ15 ዓመትም ሊሞላ ይችላል። «እኔ ያኔ ለሥራ ርቄ ነበር፤ አሁንማ ምን ዋጋ አለው» የሚሉ አባቶች ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛውና በእኛ ቤት ሥር የሰደደው ስህተት ጥያቄን እንደ ድፍረት መቁጠር ነው። ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ የልጅ አእምሮ በዓይኑ ከሚያየው አልፎ «እንዲህ ባይሆንስ?» ብሎ ማሰብ ይችላል። ይህ አዲስ ችሎታ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞከረው በቅርብ ባለው ነገር ላይ፣ ማለትም በወላጅ ላይ ነው። አባት ሶፋ ላይ ተቀምጦ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው» ሲል የሰማች ልጅ ማታ ስለ ውሸት ሲመክራት «አባዬ፣ ቅድም መንገድ ላይ ነኝ ያልከውስ?» ብትል፣ አንደበቷ የሻከረ ቢመስልም እየሠራች ያለችው የዕድሜዋን ሥራ ነው፤ የተነገራትን ሥነ ምግባር የራሷ ከማድረጓ በፊት እየመዘነችው ነው። በዚህ ጊዜ «ዝም በይ!» የሚል መልስ ሐሳቡን አይገድለውም፤ ጓደኞቿ ዘንድ ይዛው እንድትሄድ ያደርጋታል እንጂ። «ልክ ነሽ፣ ያልኩት ስህተት ነበር፤ አነጋገርሽን ግን አስተካክይ» የሚል አባት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እውነትንም ወሰንንም ያስተምራል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። ነገር ግን ያላቦካ ልጅ ማቡካት እንደማይለምድም እናውቃለን። አክብሮት ማለት ዝምታ አይደለም። የልጆች አስተዳደግ ተመራማሪዋ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የወላጆችን አያያዝ ስታጠና ፍቅርንና ጽኑ ወሰንን አጣምሮ፣ ምክንያቱን እያስረዳ የሚያሳድግ ወላጅ ከፍጹም አዛዡም ሆነ ሁሉን ከሚፈቅደው ወላጅ የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝ አሳይታለች። ይህ በእኛ ቤት ሲተረጎም ልጁ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ የበዓል አስቤዛ ገንዘብ እንዴት እንደሚደለደል ሐሳቡን ጠይቆ፣ የተናገረው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ለምን እንዳላገኘ መንገር።

በዱላ የሚያምኑ ወላጆች «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ። ተረቱን ልብ ብለን ካዳመጥነው ግን ልጁ እናቱን የሚወቅሳት እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ አይታ ዝም በማለቷ ነው። ጥፋቷ ዝምታ ነበር፤ ዝምታን የሚሰብረው ደግሞ ዱላ ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት የአካል ቅጣትን ከልክሏል። በጓደኞቹ ፊት የተመታ የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርቱ ይልቅ ውርደቱን ያስታውሳል፤ በዚያ ዕድሜ በሌሎች ዓይን እንዴት እንደሚታይ ከማሰብ የሚበልጥ ነገር የለውምና።

ሦስተኛው ስህተት ጥያቄ የሌለበትን ልጅ እንደ ደረሰ ሰው ማየት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄምስ ማርሺያ እ.ኤ.አ. በ1966 የኤሪክሰንን ሐሳብ ሲያስፋፋ ወጣቶች ስለ ማንነታቸው አራት ዓይነት ሁኔታ ላይ ሊገኙ እንደሚችሉ አመለከተ። አንዳንዱ ገና አልጠየቀም፣ ግድም የለውም፤ አንዳንዱ በፍለጋ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ፈልጎ አግኝቷል። አራተኛው ግን ሳይፈልግ ሌሎች ያዘጋጁለትን የተቀበለ ነው። «ምን ትሆናለህ?» ሲባል ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ «ዶክተር» የሚል፣ በዘመድ ፊት የሚመሰገን ልጅ ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ቤት ውስጥ አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚገለጠው የተሰጠው መንገድ የተዘጋ ዕለት ነው።

ይህ በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀደመው ዓመትም ቁጥሩ 3.3 በመቶ ነበር። ስለ ትምህርት ጥራት የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ሳምንት በየቤቱ የተነገረው ቃል ነው። «አዋረድከን» የተባለ ልጅ ወደቀብኝ የሚለው ነጥቡን ሳይሆን መላ ማንነቱን ነው። ስለዚህ ከውጤቱ ቀን አስቀድሞ፣ ፈተናው ገና ሩቅ ሳለ፣ ልጁ በእጁ የሚሠራው፣ የሚያገለግልበትና በሰው የሚታወቅበት ሌላ ነገር እንዲኖረው መርዳት ያስፈልጋል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የሰፈር እግር ኳስ፣ ስልክ ጥገና፣ የቤተሰቡን ሱቅ ሒሳብ መያዝ። ይህ ከጥናት የሚያዘናጋ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል፤ ልጁ በአንድ እግሩ ብቻ እንዳይቆም የሚያደርገው እርሱ ነውና።

ሌላው ስህተት አካልን ረስቶ ሁሉንም በጠባይ መተርጎም ነው። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚጠራው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ የሚለቀቀው ዘግይቶ ስለሆነ ልጁ ሌሊት ነቅቶ ጠዋት ቢከብደው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው እንቅልፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚመዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና በመብሰል ላይ ይገኛል። የሴት ልጅ አካላዊ ለውጥ በአብዛኛው ከ8 እስከ 13፣ የወንድ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ስለዚህ ስለ የወር አበባ ከ9 ዓመት ልጅ ጋር መነጋገር የቸኮለ ወሬ አይደለም። ሳይነገራት ደሙን በክፍል ውስጥ ያየች ልጅ የምትሸከመው ድንጋጤ በአንዲት አጭር የእናት ወይም የአክስት ምክር ሊቀር የሚችል ነበር። ቀድማ ያደገች ልጅ አካሏ የሴት ቢመስልም ልቧ የልጅ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያስፈራኝ ስህተት እመጣለሁ፤ የልጅን ሐዘን «ቅብጠት» ወይም «ያልፍለታል» ብሎ ማለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል። የአፍላ ወጣት ድብርት ሁልጊዜ በእንባ አይገለጥም፤ በቁጣ፣ በራስ ምታትና በሆድ ሕመም፣ ከምግብ በመሸሽ፣ ይወደው የነበረውን ጨዋታ በመተው ይመጣል። ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየና ትምህርቱን ወይም እንቅልፉን ካወከ ባለሙያ ማየት አለበት። ልጁ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ካወጣ ደግሞ ቀጠሮ አይያዝለትም፤ ብቻውን ሳይተው፣ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ ርቆ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ይተክላል የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም፤ በእርጋታና በግልጽ መጠየቅ ልጁ የተሸከመውን እንዲናገር በር ይከፍትለታል። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን ከእምነታቸው ለማራቅ አልጽፍም፤ የምለምነው ጸሎቱና ሕክምናው አብረው እንዲሄዱ፣ የታዘዘ መድኃኒትም ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳይቋረጥ ነው።

ስልክ መንጠቅን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። የማታ ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር ማለት ተገቢ ደንብ ነው፤ ደንቡ ለወላጅም የሚሠራ ከሆነ። ስልኩን ነጥቆ በምትኩ ምንም አለመስጠት ግን ጓደኝነቱን መንጠቅ ነው፤ የልጁ ጓደኞች የሚገኙት እዚያ ነውና።

በእስራኤል፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። ልጅ የአገሩን ቋንቋ ከወላጁ ቀድሞ ስለሚለምድ የባንክ ደብዳቤ አንባቢ፣ የሐኪም ቤት አስተርጓሚ፣ አንዳንዴም ስለራሱ ጥፋት መምህሩ የሚናገረውን ለእናቱ ተርጓሚ ይሆናል። በዚህም የቤቱ ሥልጣን ሳይታወቅ ይገለበጣል፤ ልጁ ያለ ዕድሜው ይጎለምሳል፣ ወላጁም ይደፈራል። ለከባድ ጉዳይ ትልቅ ሰው ወይም የተቋሙን አስተርጓሚ መጠየቅ ለልጁ ልጅነቱን መመለስ ነው። «እኛ ሐበሻ ነን» የሚለው ቃልም ሁልጊዜ ከክልከላ ጋር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ልጁ ማንነቱን እንደ አጥር ያየዋል። ቋንቋውን፣ የቡናውን ሥርዓት፣ የአያቶቹን ቀዬ ታሪክ በደስታ ጊዜ ያገኘ ልጅ ግን ከሁለቱ ዓለም የራሱን ለመሥራት ስንቅ ይኖረዋል።

በመጨረሻ የማነሣው ወላጅ የራሱን ደረጃ መርሳቱን ነው። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ወላጁ አብዛኛውን ጊዜ በ40ዎቹ ውስጥ ነው፤ እርሱም «ለሚመጣው ትውልድ ምን አተረፍኩ?» የሚል ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። ሕክምና መማር ፈልጎ ያልሆነለት አባት ልጁን ወደዚያ ሲገፋ የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ነው። ይህን ለራሱ መናገር የቻለ አባት ልጁን በሌላ ዓይን ያያል። በዚያው ቤት አያት ካሉ ደግሞ እርሳቸው ያለፈውን መለስ ብለው የሚመዝኑበት ዕድሜ ላይ ናቸው፤ የሚናገሩት አላቸው፣ የሚሰማቸው ግን ያጣሉ። የልጅ ልጃቸው ያን የተጣሉበትን ስልክ ይዞ አጠገባቸው ቢቀመጥና «እማማ፣ በእኔ ዕድሜ ሳሉ ምን ይፈሩ ነበር?» ብሎ ድምፃቸውን ቢቀዳ፣ እርሳቸውም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይነግሩታል።