በየዕለቱ ንግግራችን የዋህነትን እንዴት እንለማመድ?

ብዙዎቻችን የዋህ አነጋገር ስንል ድምፅን ዝቅ ማድረግና ማቆላመጥ ይመስለናል። ነገር ግን ዝግ ባለ ድምፅ ልብ የሚያደማ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ለልምምዱ ጥሩው መነሻ፣ ቃሉ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ «ይህን የምለው ሰውዬውን ለማቅናት ነው ወይስ ለመርታት?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት የኤፍሬም ነገድ ሰዎች «ወደ ጦርነቱ ስለ ምን አልጠራኸንም?» ብለው ምድያማውያንን የወጋውን የእስራኤል መሪ ጌዴዎንን አጥብቀው ሲጣሉት፣ እርሱ የምድያምን መኳንንት ሔሬብንና ዜብን የያዙት እነርሱ መሆናቸውን አንሥቶ የእርሱ ሥራ ከእነርሱ ጋር እንደማይተካከል ነገራቸው፤ ቍጣቸውም በረደ (8፥1-3)። ያው ነገድ ተመሳሳይ ወቀሳ ይዞ ከጌዴዎን በኋላ ወደ ተነሣው መሪ ወደ ዮፍታሔ ሲሄድ ግን ነገሩ ወደ ጦርነት አመራና ከኤፍሬም 42,000 ሰው ወደቀ (12፥1-6)። በእርግጥ ዮፍታሔን ቤትህን በአንተ ላይ እናቃጥላለን ብለው ዝተውበት ስለነበር የገጠመው ቃል እጅግ የከፋ ነው፤ ጠርቷቸው እንዳልረዱት መናገሩም የራሱን እውነት መግለጹ ነበር። በየቤታችንም ጠብ የሚከረው ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን እውነት ይዘው ሲቆሙ ነው። እንደ ጌዴዎን ለመመለስ የሚፈልግ ሰው፣ ከመናገሩ በፊት የከሰሰው ሰው በእርግጥ የሠራውን መልካም ነገር ፈልጎ ማግኘት አለበት። ያልሠራውን ማወደስ ሽንገላ ነው፤ ሰሚውም ወዲያው ይነቃበታል።

ቅሬታ ሲኖርዎት ስለ ሰውዬው ባሕርይ ከመፍረድ ይልቅ ስለ ድርጊቱ ይናገሩ። ባል አምሽቶ ሲገባ «አንተ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ፤ ለእኔ ደንታ የለህም» ቢባል ራሱን ለመከላከል ይጣደፋል፤ «ሳትደውል ስትቀር ምን አገኘው ብዬ ተጨነቅሁ፤ ምን ገጥሞህ ነው?» ቢባል ግን ጭንቀቱን ሰምቶ የማስረዳት ዕድል ያገኛል። «ሁልጊዜ»፣ «ድሮስ ምን ይጠበቃል» የሚሉት ቃላት ወደ አፍዎ ሲመጡ ካስተዋሉ ንግግሩን አቋርጠው እንደገና ይጀምሩት። ጥፋቱ ተግሣጽ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በማቴዎስ 18፥15 እንደታዘዘው በመጀመሪያ ለብቻችሁ ሆናችሁ ተነጋገሩበት። በንዴት የጻፉትን የስልክ መልእክት ደግሞ አሳድረው ያንብቡት።

በአማኞች ዘንድ ለየት ያለ ፈተና አለ፤ እርሱም ጥቅስ እየጠቀሱ ሰውን ማሳፈር ነው። ጥቅሱ ትክክል ቢሆንም፣ የተጠቀሰው የሰውን አፍ ለመዝጋት ከሆነ ሰሚው የሚሰማው ዘለፋውን ብቻ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን መልስ ስንሰጥ እንኳ በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ማዘዙ (1ኛ ጴጥሮስ 3፥15) ይህንንም የሚነካ ይመስለኛል።

በአለቃ ፊት ለስላሳ መሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥንቃቄ እንጂ የዋህነት አይደለም። የራስዎን አነጋገር ለመመዘን ከፈለጉ፣ መልሶ ሊጎዳዎት ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ ለልጅዎ፣ ከእርስዎ በታች ለሚሠራ ወይም በስሕተት ለደወለልዎት ሰው እንዴት እንደሚመልሱ ያስተውሉ።

የዋህነት በደልን በዝምታ መቀበል ማለትም አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ አልተሳደበም፤ ነገር ግን ክፉ ተናግሮ እንደ ሆነ እንዲመሰክርበት፣ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን እንደሚመታው መቺውን ጠየቀው (ዮሐንስ 18፥23)። እርስዎም ሲሰደቡ «በዚህ አኳኋን መቀጠል አልችልም፤ ስንረጋጋ እንነጋገር» ብለው ሊነሡ ይችላሉ።

ቃል ካመለጠዎት «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» አይበሉ፤ «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ጥፋቱን አጠራጣሪ ታደርገዋለች። የተናገሩትን ለይተው «በሰው ፊት ሰነፍ ማለቴ ስሕተት ነበር፤ ይቅር በለኝ» ይበሉ፤ ስድቡን የሰሙ ሌሎች ካሉም ይቅርታውን በእነርሱ ፊት ይጠይቁ።